ከጊቤ እስከ ቆጣሪው፦ በጅማና በቡና ከተሞቿ መብራት ለምን ይቆራረጣል?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ መብራት ነው፤ ስለ ግድብ ግን አይደለም። ስለ ግድብ ብዙ ተነግሯል፣ ሊነገርም ይገባው ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ውሃው ተርባይኑን ካዞረ በኋላ ያለው ነገር ነው። ኃይሉ ከማመንጫው ይወጣል፣ በብረት ማማ ላይ ተጉዞ ማከፋፈያ ጣቢያ ይገባል፣ ከዚያ በኮንክሪትና በእንጨት ምሰሶ በየቀበሌው ይዞራል፣ በትራንስፎርመር በኩል ወርዶ እናንተ ቤት ቆጣሪ ላይ ይደርሳል። የምናገረው ስለዚህ መንገድ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር «አገሩ ኃይል አጥቶ ነው» የሚል ሰው ዛሬም ብዙ ነው። በጅማ ዙሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ኃይሉ ሳይሆን መንገዱ ነው። ይህን ለይተን ካልያዝን ምን እንደምንጠይቅም፣ ማንን እንደምንጠይቅም አናውቅም።

ጅማ በአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪክ ውስጥ ያላት ቦታ ትልቅ ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሰው ሁሉ አሰንዳቦን አልፎ ወደ ደነባ ሲቃረብ የግልገል ጊቤን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ያያል። ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ በጊዜው የአገሪቱ ትልቁ ጣቢያ ነበር። ለእሱ ሲባል ብዙ የጅማ ዞን ገበሬ ከለም መሬቱ ተነሥቷል፤ ይህን መርሳት አይገባም። ከእሱ የሚወጣው ውሃ ተራራ ተሰርስሮ በተሠራ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ አልፎ 420 ሜጋ ዋት ያለውን ግልገል ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል፤ እሱም በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ወደ ታች በኦሞ ወንዝ ላይ ደግሞ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም ሲመረቅ፣ ቦንድ የገዛው የጅማ ገበሬና ነጋዴም የራሱ ድርሻ ነበረው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለኬንያ ኃይል ያደርሳል።

እንግዲህ «ኃይሉ ናይሮቢ ድረስ እየሄደ ጌራ ለምን አይደርስም?» ብሎ የሚጠይቅ የጌራ ገበሬ ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም የቴክኒክ መልስ ነው። በትልልቅ ማማዎች ላይ የሚያልፈው ኃይል በ230 ወይም በ400 ኪሎ ቮልት የሚጓዝ ነው። ከእሱ ላይ እንደ መንደር ትራንስፎርመር ያለ ነገር ሰቅሎ ለሃምሳ ቤት ማካፈል አይቻልም። ኃይሉ መጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ገብቶ ወደ 33 ወይም ወደ 15 ኪሎ ቮልት መውረድ አለበት። ከዚያ የሚወጣው መስመር፣ ሠራተኞቹ «ወጪ መስመር» የሚሉት፣ በየወረዳው ይዘረጋል፤ በየሠፈሩ ያለው ትራንስፎርመር ደግሞ ወደ 380 እና 220 ቮልት ያወርደዋል። ማማው ማሳው ላይ ቆሞ ቤቱ ግን በኩራዝ የሚያመሽ ሰው ያለው በዚህ ምክንያት ነው። አገሪቱ ላለፉት ሃያ ዓመታት ገንዘቧንም ልቧንም በማመንጫውና በትልልቁ ማማ ላይ አድርጋለች። ከማከፋፈያ ጣቢያው በታች ያለው ግን በአብዛኛው እየተቀጣጠለ የረዘመ ነው፦ አዲስ ቀበሌ መብራት በጠየቀ ቁጥር በነበረው መስመር ጫፍ ላይ ጥቂት ምሰሶ ይጨመራል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጥቂት።

ኃይሉ ራሱ የጠፋበት ጊዜ አልነበረም ማለቴ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ የጊቤ ሦስት ሐይቅ ስለ ጎደለ አገሩ በሙሉ በፈረቃ ነበር፤ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠውም ቆሞ ነበር። ያኔ ጅማም ድሬዳዋም እኩል ጨለሙ። እንዲህ ያለው ችግር መልኩ ይታወቃል፦ ቀድሞ ይነገራል፣ ሰዓት ይወጣለታል፣ ሁሉንም ያዳርሳል። በዝናብ ማግሥት አጋሮ መብራት እያላት ጎረቤቷ ያለ ቀበሌ ሦስት ቀን ሲጨልም ግን ሌላ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

በሽታውን ለመለየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ ከቤት ወጥታችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። የእናንተ ቤት ብቻ ከጨለመ ችግሩ ከምሰሶው እስከ ቆጣሪያችሁ ባለው ሽቦ ወይም በቆጣሪው ላይ ነው። ከሦስት ቤት የአንዱ ጠፍቶ የሌሎቹ ከበራ፣ ወይም አንዱ ክፍል ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ፣ አንድ ፌዝ (ከሦስቱ የኃይል ሽቦዎች አንዱ) ጎድሏል፤ ምናልባትም ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ተበጥሷል። ኒውትራል ሲበጠስ እስከ 380 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ቤት ሊገባና ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ሊያቃጥል ስለሚችል ዋናውን ማብሪያና ማጥፊያ ወዲያው ዝቅ አድርጉ። ከአንድ ትራንስፎርመር የሚመገበው ሠፈር በሙሉ ከጠፋ ትራንስፎርመሩን ወይም ከላይ ያለውን ፊውዝ ጠርጥሩ። በአንድ መስመር ላይ ያሉት ከተሞች ሁሉ ከጠፉ ወጪ መስመሩ ተቆርጧል። ዞኑ ሁሉ ከጠፋ ደግሞ ከማከፋፈያ ጣቢያው በላይ ነው።

ይህ ልዩነት ኃላፊውንም ይለያል። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መብራት ኃይል በ1989 ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፈለ። ማመንጫው፣ ማማውና ትልልቁ ማከፋፈያ ጣቢያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሆነ። ከዚያ በታች ያለው የስርጭት መስመር፣ ትራንስፎርመሩና ቆጣሪው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆነ። ሕዝቡ ሁለቱንም «መብራት ኃይል» እያለ ይጠራል፤ ስም መጥራት ክፋት የለውም፣ ግን የትኛው ምን እንደሚሠራ ካላወቅን አቤቱታችን ከበር ወደ በር ሲንከራተት ይኖራል።

አሁን ወደ ነገሩ ልብ እንግባ። መስመር ሲረዝም ምን ይሆናል?

በሽቦ ውስጥ የሚሄድ ኃይል በመንገድ ላይ በሙቀት መልክ ይባክናል። ብክነቱ የሚያድገው በአምፔሩ ካሬ ነው፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቮልቴጁን ከፍ ካደረግን ግን ያንኑ ኃይል በትንሽ አምፔር ማድረስ ይቻላል። በቁጥር ልሥራላችሁ። ከማከፋፈያ ጣቢያ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ 1 ሜጋ ዋት የሚፈልግ ከተማ አለ እንበል፤ ጥቂት የቡና መፈልፈያ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጤና ጣቢያና ብዙ ቤት ያለበት። ሽቦው 50 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የተለመደ የአሉሚኒየም ሽቦ ይሁን። በ15 ኪሎ ቮልት ሲላክ 43 አምፔር ገደማ ይሄዳል፤ በመንገድ ላይ ወደ 130 ኪሎ ዋት ይባክናል። ያንኑ በ33 ኪሎ ቮልት ብንልከው አምፔሩ ወደ 19 ይወርዳል፣ ብክነቱም 27 ኪሎ ዋት ብቻ ይሆናል። አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ልዩነቱ ወደ 100 ኪሎ ዋት ነው፤ ሜዳ ላይ የሚበተን፣ ግድቡ ያመነጨው፣ ማማው የተሸከመው፣ ማንም ግን ያልተጠቀመበት።

ከብክነቱ የሚብሰው ደግሞ የቮልቴጁ መውረድ ነው። በዚያው ምሳሌ በ15 ኪሎ ቮልት ጫፉ ላይ ያለው ከተማ ቮልቴጅ 14 በመቶ ያህል ይወርዳል። 220 ሊሆን የሚገባው 190 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። በ33 ኪሎ ቮልት ግን የሚወርደው 3 በመቶ ብቻ ነው። ማታ አምፖል ቀይ ሆኖ፣ ምጣድ አልግል ብሎ ሊጥ ሲበላሽባችሁ የምታዩት ይህንኑ ነው። መብራት «አለ»፤ ግን የለም።

አምፖል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል። ሞተር ግን አይታገሥም። ቡና መፈልፈያና ወፍጮ የሚያዞረው ሞተር ጉልበቱ የሚወሰነው በቮልቴጁ ካሬ ነው፤ ቮልቴጁ በ14 በመቶ ሲወርድ ጉልበቱ ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ሥራው ግን አልቀነሰም፤ ስለዚህ ሞተሩ ተጨማሪ አምፔር ይስባል፣ ይግላል፣ ጠመዝማዛው ይቃጠላል። አንድ ፌዝ ከጎደለበትና መከላከያ ከሌለው ደግሞ ብዙ አይቆይም። የሞተር ጠምዛዦች ሥራ በመኸር ወቅት የሚበዛው ለዚህ ነው።

ስለ መኸር ካነሣሁ ቡናው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዚህ አካባቢ ነገር የሚጠናው በቡና ነውና። ጎማ፣ ማና፣ ጌራ፣ ሊሙ ኮሳ፣ ሰቃ ጨቆርሳ፣ ጉማይ፣ ሲግሞ፣ ሰጠማ፤ ሁሉም በጥቅምትና በጥር መካከል አንድ ላይ ይነቃሉ። ቀይ እሸት ቡና ከተለቀመ በኋላ ጊዜ አይሰጥም። በዚያው ቀን መፈልፈል አለበት፤ በጆንያ ውስጥ ካደረ ራሱን ያሞቃል፣ ያልተፈለገ መብላላት ይጀምራል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። አንድ ሌሊት ብቻ ያበላሸውን ጣዕም ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም። ገበሬው ሲነጋ ለቅሞ ከሰዓት በኋላ ያመጣል፤ መፈልፈያው ሥራ የሚበዛበት ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ልክ በዚያ ሰዓት ደግሞ ከተማው ሁሉ እራቱን ያበስላል፣ መብራቱን ያበራል፣ ምጣዱን ይጥዳል። ስለዚህ መስመሩ በጣም የሚከብደው ቡናው በጣም በሚፈልገው ሰዓት ነው።

መብራት ሲሄድ መፈልፈያው ሁለት ምርጫ አለው፦ ናፍጣ ጄኔሬተር ማስነሣት፣ ወይም እሸቱን እንደ ጀንፈል ማድረቅ። የመጀመሪያው ወጪ ነው፤ ሁለተኛው የዋጋ ኪሳራ ነው፤ በጥንቃቄ የታጠበ የሊሙ ቡና በዓለም ገበያ በስሙ ተጠርቶ የሚሸጥ ነውና። ብዙ መፈልፈያ ከመጀመሪያውኑ መስመር ስላልደረሰው በጄኔሬተር ብቻ ይሠራል። ኪሳራው ደግሞ መፈልፈያው ጋ አይቆምም። ባለ መፈልፈያው የናፍጣውን ሒሳብ ከየት ያመጣዋል? ለገበሬው ከሚከፍለው የእሸት ዋጋ ላይ ይቀንሳል። ኢትዮጵያ በ2017 ዓ.ም. ከቡና ወጪ ንግድ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ባገኘችበት ዘመን፣ የዚያ ገንዘብ አንድ ቁራጭ በጅማ ዙሪያ በጄኔሬተር ጭስ እየሄደ ነው። እኔ ይህን የገበሬ ገንዘብ ብክነት አድርጌ ነው የማየው፤ ከመሠረተ ልማት ጉዳይ በፊት የፍትሕ ጉዳይ ነው።

መስመሩ ለምን ይቆረጣል ከተባለ፣ ይህ አካባቢ ከአገሪቱ እርጥብ ክፍሎች አንዱ ነው። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም አይለቅም፤ መብረቅም አብሮት አለ። ቡናችን የሚበቅለው ደግሞ በጥላ ሥር ነው፦ በዋንዛ፣ በሰሳ፣ በብሳና፣ በብርብራ። ይህ ጥላ የጅማ ሀብት ነው። ለተራቆተ የአሉሚኒየም ሽቦ ግን ከባድ ጎረቤት ነው፤ እርጥብ ቅርንጫፍ ንፋስ ገፍቶ ሽቦውን ሲያስነካው መስመሩ ይቆረጣል። የእንጨቱ ምሰሶ ባሕር ዛፍ ነው፤ መድኃኒት ቢነከርም ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባበታል። ከሩቅ ሲያዩት ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው የሸክላ ስኒ ሲሰነጠቅ ዝናብ ይገባዋል፤ ስንጥቁን ከሥር ቆሞ ማየት ስለሚያስቸግር ሠራተኛው ምሰሶ በምሰሶ እየወጣ ይፈልጋል፤ ያውም በጭቃ፣ ያውም በጨለማ። በዚህ ሥራ ላይ ያሉትን የመስመር ሠራተኞች ከልቤ አከብራለሁ። ሕይወታቸውን በሽቦ ላይ ያጡ አሉ።

የዚህ ሁሉ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ አዲስ ምርምር አያስፈልገውም። ዛፍ በበዛበት ቦታ የተራቆተውን ሽቦ በሽፍን ሽቦ መተካት፤ ቅርንጫፍ ቢነካውም መስመሩ አይቆረጥም፣ ወድቆ ሰው ቢያገኘውም አደጋው ይቀንሳል። የእንጨቱን ምሰሶ በኮንክሪት መለወጥ። ረጅሙን የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ 33 ማሳደግ፤ ካልሆነም ማከፋፈያ ጣቢያውን ወደ ተጠቃሚው ማቅረብ። አንድ ትልቅ ትራንስፎርመር ለሰፊ ሠፈር ከመስቀል ይልቅ ትንንሾችን በየአቅራቢያው መትከል። በነገራችን ላይ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር የሆነ ትራንስፎርመር ከሌላ ነገር ሁሉ ባዶ ቢሆን እንኳ ባንድ ጊዜ 28 ምጣድ ያህል ነው የሚችለው፤ አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳልና። በዓረፋ ዋዜማ፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ በረመዳን ከማፍጠሪያው በፊት በአንድ ሠፈር ስንት ምጣድ እንደሚጣድ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በአንድ ቆጣሪ አራት ቤት ሲቀጠልበት ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በመዝገቡ አንድ ደንበኛ አለ ብሎ ያስባል፤ ትራንስፎርመሩ የሚያውቀው አራቱን ነው።

ብዙም የማይወራለት፣ ለእኔ ግን ከዋጋው አንጻር ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ሌላ ነገር አለ። ብዙዎቹ ወጪ መስመሮቻችን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚመገቡ፣ በመነሻቸው ላይ አንድ ማቋረጫ ብቻ ያላቸው ናቸው። በ60ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቅርንጫፍ ሲወድቅ በ2ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ጤና ጣቢያም ይጨልማል። በመስመሩ መካከል ሪክሎዘር የሚባል መሣሪያ ቢተከል፣ ጫፉ ላይ የደረሰው ጉዳት ጫፉን ብቻ ይቆርጣል። ጉዳቱና ደንበኛው በመስመሩ ላይ እኩል ተሰራጭቷል ብለን ብናሰላ፣ ያ አንድ መሣሪያ ብቻውን የደንበኞችን መቆራረጥ በአማካይ በሩብ ይቀንሳል። በተጨማሪም በላይ በሚሄድ መስመር ላይ አብዛኛው ጉዳት አላፊ ነው፤ ቅርንጫፍ ነክቶ ይወድቃል፣ መብረቅ መትቶ ያልፋል። ሪክሎዘሩ ጥቂት ሴኮንድ ጠብቆ ራሱ መልሶ ያበራል። ዛሬ ግን ያንኑ ለማድረግ ሠራተኛ በመኪና፣ መኪና ከሌለ በሞተር ብስክሌት ይሄዳል፤ የጥቂት ሴኮንድ ጉዳይ የግማሽ ቀን ይሆናል። የሁለት ጎረቤት መስመሮች ጫፍ ቢገናኝ ደግሞ፣ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ከኋላ ይመግበዋል። የአጋሮን መስመር ጫፍ ከጌራ፣ የሊሙ ገነትን ከጎረቤቱ መስመር ጋር በእንዲህ መልክ ማሰብ የመሐንዲስ ቅንጦት አይደለም።

ጅማ ከተማ ራሷ ከመስመር እድሳት ተጠቃሚ እንድትሆን ከታቀደላቸው ከተሞች አንዷ ናት። በዓለም ባንክ ድጋፍ የስርጭት መስመራቸው እንዲታደስ ከተመረጡት ስምንት ከተሞች ውስጥ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከባሕር ዳር፣ ከደሴ፣ ከድሬዳዋ፣ ከሐዋሳና ከመቀሌ ጋር ጅማም ነበረች። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ኃይል ፈላጊ ነው። የኮንክሪት ምሰሶና ሽፍን ሽቦ ከተማው ውስጥ መታየቱ ደግ ነው። ግን ከተማው ዳር ላይ እንዳይቆም እፈራለሁ። ጅማን ጅማ ያደረጋት ቡና ከተማው ውስጥ አይፈለፈልም፤ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ነው። የከተማው መስመር ታድሶ የወረዳው ካልታደሰ፣ ያደስነው የሻጩን ሱቅ እንጂ የአምራቹን ማሳ አይደለም።

በዚህ መንገድ ቀድመውን ያለፉ አገሮች አሉ። ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ቬትናም፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ሕዝቧ ከመቶ 15 እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ መስመር በፍጥነት ዘረጋች፤ ብዙው በአካባቢው ሕዝብ መዋጮና በርካሽ ዕቃ የተሠራ ነበር። በአስራ ስድስት ዓመት ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ ቤተሰብ ደረሰች። ወዲያው ግን ያ ቀጭን ሽቦና ያ የቀርከሃ ምሰሶ ኃይሉን እየበላ፣ ቮልቴጁን እያወረደ አስቸገረ። አገሪቱም የገጠሩን ስርጭት እንደገና ለማደስ ብዙ ገንዘብ መበደር ግድ ሆነባት። እኛ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ስናወጣ ትልቁ ግባችን ስንት ቤት ደረሰ የሚለው ነበር። መድረሱ ተገቢ ግብ ነው፤ ግን ከአስር ዓመት በፊት የደረሰው ቤት ዛሬ በሳምንት ስንት ሰዓት መብራት ያገኛል የሚለው እኩል መቆጠር አለበት። ሁለት ጊዜ ከመሥራት አንድ ጊዜ በደንብ መሥራት ይረክሳል፤ ቬትናም ትምህርቱን በገንዘቧ ገዝታልናለች።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ሐቁን እንናገር። ከ1998 እስከ ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ድረስ የኤሌክትሪክ ዋጋ አልተነካም ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ የምሰሶ፣ የሽቦ፣ የትራንስፎርመር ዋጋ ስንት ጊዜ እንደጨመረ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀመው ድሃ ዋጋው ዝቅተኛ መሆኑ ልክ ነው፣ መቀጠልም አለበት። ከዚያ በኋላ የመጡት ጭማሪዎች፣ በ2017 ዓ.ም. መስከረም የጀመረውን ጨምሮ፣ ግን ለሕዝቡ አንድ ጥያቄ የመጠየቅ መብት ይሰጡታል፦ የጨመርኩት ብር የትኛው መስመር ላይ ዋለ? ተቆጣጣሪው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ዋጋ ሲፈቅድ፣ በምላሹ በየወጪ መስመሩ በዓመት ስንት ጊዜና ስንት ሰዓት እንደተቆረጠ ተመዝግቦ በይፋ እንዲወጣ ማስገደድ አለበት ብዬ አምናለሁ። በሌላው ዓለም ይህ የተለመደ መለኪያ ነው። ያልተመዘገበ መቆራረጥ በበጀት ስብሰባ ላይ የለም።

አንድ ከባድ ጉዳይ ቀርቷል፤ ዛፉ። መስመር ሲታደስ ከሥሩ ያለው ቅርንጫፍ መመልመል፣ አንዳንዴም ዛፍ መቆረጥ ይኖርበታል። ለገበሬው ግን ያ ዋንዛ ሃምሳ ዓመት የፈጀ ነው፤ በሥሩ ያለው ቡናም ከእሱ ጋር ፀሐይ ይመታዋል። የመሬት ይዞታ መልቀቅንና የንብረት ካሣን የሚገዛው አዋጅ 1161/2011 ለተነካ ንብረት ካሣ እንዲከፈል ያዛል። ካሣው መስመሩ ከመዘርጋቱ በፊት ይከፈል፤ ምልመላውም ገበሬው ባለበት፣ በሚያውቅ ሰው ይደረግ። የሽፍን ሽቦ ዋጋ ከተራቆተው የሚበልጥ ቢሆንም፣ የሚተርፈውን ጥላና የማይቆረጠውን መብራት አብረን ስንቆጥር በቡና ደን ውስጥ ርካሹ እሱ ነው። ጊዜውም ይታሰብ። ምልመላው የበልግ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ፣ መኸሩ ከመድረሱ በፊት በነሐሴና በመስከረም ሌላ ጊዜ ይሁን። ለጥገና ተብሎ መብራት የሚቋረጥበት ቀን በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት እንዳይሆን፤ በዚያ ወቅት ካልቀረ ጠዋት ይሁን፣ መፈልፈያዎቹ ባዶ በሆኑበት ሰዓት።

መብራት የሚያጠፋው ዛፍና ዝናብ ብቻ አይደለም፤ የማማ ብረትና የሽቦ ስርቆትም በአገሩ አለ። ከማማ እግር ላይ የተፈታ ጥቂት ብረት የአንድ ዞን መብራት ሊጥል ይችላል። ገዢ ባይኖር ሌባው አይኖርም ነበር፤ ቁርጥራጭ ብረት የምትገዙ ነጋዴዎች የማማ ብረት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ።

ከእያንዳንዳችሁ ደግሞ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ቀላል ነው። የሠፈራችሁን ትራንስፎርመር ቁጥር ጻፉት፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ወደ 905 ስትደውሉ «መብራት የለም» ብቻ አትበሉ፤ የትራንስፎርመሩን ቁጥር፣ የጠፋበትን ሰዓት፣ ጎረቤታችሁ መብራት እንዳለው ወይም እንደሌለው፣ አንድ ፌዝ ብቻ ከሆነም ያንን ተናገሩ። ይህ ጠጋኙን ከሰዓታት ፍለጋ ያድነዋል። የቡና መፈልፈያ ያላችሁ ማኅበራትና ባለሀብቶች ደግሞ በመኸር ወራት የጠፋበትን ሰዓትና ያቃጠላችሁትን ናፍጣ በደብተር ያዙ። በጥር መጨረሻ ወረዳው ላይ የሚቀርብ የሃያ መፈልፈያ ደብተር፣ የትኛው ወጪ መስመር ቀድሞ ወደ 33 ኪሎ ቮልት ማደግ እንዳለበት ከማንኛውም አቤቱታ በላይ ይናገራል። የእኔ አስተያየት ቅድሚያው ብዙ መፈልፈያና ጤና ጣቢያ በጫፉ ላይ ላለው፣ ረጅሙ የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ይሁን የሚል ነው። ከማከፋፈያ ጣቢያ ጥግ ላለው አይደለም፤ እሱ በአንጻሩ ደህና ነው።

የወደቀ ሽቦ ካያችሁ፣ መብራት የለም ብላችሁ አትቅረቡት፤ ልጆችንም ከብቱንም አርቁ፣ ቡና ለቃሚዎችንም አስጠንቅቁ። መስመሩ ያለ ማስጠንቀቂያ መልሶ ሊበራ ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄ እንግባ። ስትጠይቁ ከየት ቀበሌ እንደሆናችሁና፣ የምታውቁ ከሆነ፣ ከየትኛው ማከፋፈያ ጣቢያ እንደምትመገቡ ብትነግሩኝ መልሴ ለእናንተ ቦታ የሚሆን ይሆናል።